«ላንጒሽ» ማለት ደከመ ማለት ብቻ አይደለም

ጎንደር ውስጥ በአንድ የንባብ ክበብ የቅዳሜ ከሰዓት ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። መምጣት ያልቻሉ ልጆች ስለጠየቁኝ እንዳለ አስቀምጬዋለሁ።

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ዋላችሁ?

እግዚአብሔር ይመስገን። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ ወደ ፊት ኑ፣ እዚህ ወንበር አለ። እናቶች፣ አባቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ተማሪዎች፣ በዚህ ፀሐይ ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ግስ ለመስማት አዳራሹ ሲሞላ ማየት ደስ ይላል። አዎ፣ ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ግስ ነው። ስለ አንድ ቃል።

ቃሉ «ላንጒሽ» ነው።

እስቲ አብራችሁኝ በሉት። ላንጒሽ። አሁንም። ላንጒሽ። መሃል ላይ ያለችውን «ጒ» አትዝለሏት። እንግሊዞች ይህችን ድምፅ ለመጻፍ ሁለት ፊደል ይደረድራሉ። እኛ ግን አንድ ፊደል አለን፤ ጐ፣ ጒ፣ ጓ፣ ጔ፣ ጕ እያልን ከልጅነታችን የቆጠርነው ነው። ጐንደርን በድሮው አጻጻፍ የምንጽፈው በዚሁ ቤተሰብ ፊደል አይደል? ስለዚህ የጎንደር ልጅ ይህን ቃል ከማንም በተሻለ መጥራት ይችላል።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። መጀመሪያ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ። ቀጥሎ ከምን ከምን ጋር እንደሚሄድ። በመጨረሻም ይህ ቃል እኔን ለምን እንቅልፍ እንደሚነሳኝ። መሃል ላይ ወደ ሌላ ወሬ ብገባ ታገሱኝ፣ ተመልሼ እመጣለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከአንድ የፈተና ወረቀት ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ነው። የ10ኛ ክፍል ተማሪዎቼን ስለ ራሳችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ አልኳቸው። አንዲት ልጅ እንዲህ ብላ ጀመረች፦ «ማይ ላንጒሽ ኢዝ አምሃሪክ»። ላንጒጅ ማለቷ ነው፣ ቋንቋዬ አማርኛ ነው ማለቷ ነው። አንድ ድምፅ ብቻ ሳተች። በቀይ አሰመርኩበትና አለፍኩ። ማታ ግን ቃሉ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ሁለቱ ቃላት ዘመድ አይደሉም። ላንጒጅ ምላስ ከሚለው የላቲን ቃል ከ«ሊንጓ» የመጣ ነው። ላንጒሽ ደግሞ መድከም፣ መዛል ከሚለው ከ«ላንጉዌሬ» የመጣ ነው፤ በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ 1300 አካባቢ እንግሊዝኛ ውስጥ ገባ። ሥራቸው ይለያያል። የልጅቱ ስሕተት ግን የሆነ እውነት የነካ መሰለኝ። በመጨረሻ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ።

ተማሪዎቻችን የቃላት ደብተር አላቸው። እናንተም አላችሁ፣ አውቃለሁ። ገጹን መሃል ለመሃል በማስመሪያ ይከፍሉታል። በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ አማርኛ። ላንጒሽ፣ ደከመ። ዊከን፣ ደከመ። ፌድ፣ ደከመ። ፍላግ፣ ደከመ። አንድ ደብተር ላይ ስድስት ቃላት በቀኝ በኩል አንድ ትርጉም ይዘው አይቻለሁ። ልጆቼ፣ እንዲህ አይሁን። እለምናችኋለሁ፣ እንዲህ አይሁን። ስድስት ሰው አንድ ልብስ ሊለብስ አይችልም።

እስቲ በራሳችን ቋንቋ እንየው። ጨረቃ ደከመች ትላላችሁ? አትሉም። ጎደለች ትላላችሁ። ለዚያ እንግሊዝኛው «ዌን» አለው። ጨርቅ ፀሐይ ሲመታው ደበዘዘ ነው፣ ያ «ፌድ» ነው። አበባ ጠወለገ፣ ያ «ዊዘር» ነው። የሰው ቁጥር ተመናመነ፣ ያ «ድዊንድል» ነው። ከታች ከተማ ተነስቶ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ድረስ ውኃ የተሸከመ ሰው ዳገቱ መሃል ላይ ጉልበቱ ይዝላል፣ ያ «ፍላግ» ነው። እኛም ለየነገሩ የየራሱ ቃል አለን። ታዲያ እንግሊዝኛ ላይ ስንደርስ ሁሉንም «ደከመ» ውስጥ የምንጨምረው ለምንድን ነው?

ላንጒሽስ? ላንጒሽ የትኛው ድካም ነው?

ላንጒሽ ተትቶ መድከም ነው። ይህችን ያዙልኝ። ተትቶ መድከም። አንድ ሰው ወይም አንድ ነገር የሆነ ቦታ ቀርቷል። ከዚያ መውጣት አልቻለም። ሊደርስለት የሚችል አካል አለ፣ ግን አልመጣም። ጊዜው እየሄደ ነው፣ ጉልበቱም እየሄደ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ግስ ውስጥ አለ።

አክስቴን ልንገራችሁ። የእናቴ ታላቅ እህት ነበረች፣ አዘዞ ነበር የምትኖረው። ግማሽ ጎኗን መታትና አልጋ ላይ ወደቀች። በመጀመሪያው ወር ቤቷ የሰርግ ቤት ይመስል ነበር። አንዱ እንጀራ ይዞ ይመጣል፣ አንዱ አጥሚት ይዞ ይመጣል፣ ጸበል የሚያመጣ አለ፣ ቡና የሚያፈላ አለ። እግዜር ይማርሽ ሳይላት የሚያልፍ ጎረቤት አልነበረም። በስድስተኛው ወር ጠያቂው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ሆነ። ዓመት ሲሞላ ለዓመት በዓል። በሦስተኛው ዓመት የምትጠብቃት ልጇና አንዲት ጎረቤት ብቻ ቀሩ። እኔ ራሴ ከፒያሳ አዘዞ ታክሲ ይዤ ለመሄድ ሥራ በዛብኝ ስል ሳምንታት አልፈዋል። ይህን ስናገር ያመኛል። አንድ ቀን ስገባ በሩን ትክ ብላ እያየች አገኘኋት። ምን ሆንሽ እትዬ፣ አልኳት። ምን አለችኝ? «ልጄ፣ በሽታው አይደለም የጨረሰኝ። ይህን በር ማየት ነው።»

ላንጒሽ ይህ ነው። በሽታው አንድ ነገር ነው። በሩን ማየት ሌላ ነገር ነው። ላንጒሽ ሁለቱን አንድ ላይ ይይዛል።

በአማርኛ እንዲህ ያለውን ሰው ምን እንለዋለን? የአልጋ ቁራኛ እንለዋለን። ሁላችንም እንለዋለን፣ ምን እያልን እንደሆነ ግን አናስበውም። ቁራኛ ምንድን ነው? በድሮው ዳኝነት ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ተበዳሪ፣ ነገሩ እስኪያልቅ እጅ ለእጅ በሰንሰለት ይቆራኙ ነበር። አንዱ ወዴትም ቢሄድ ሌላው አብሮት ይሄዳል። የአልጋ ቁራኛ ስንል በሽተኛው ከአልጋው ጋር በሰንሰለት ታስሯል እያልን ነው። አያችሁት? በሽታንና እስራትን አንድ ያደረግነው እኛም ነን። እንግሊዝኛውም እንደዚሁ ነው። ላንጒሽ በአንድ በኩል የበሽተኛ ግስ ነው፣ በሌላ በኩል የእስረኛ ግስ ነው። ይህን ያገኘሁ ቀን ቁጭ ብዬ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

በመዝሙረ ዳዊት እግዚአብሔር በሽተኛውን በደዌ አልጋው ላይ እንደሚረዳው የሚናገር ቦታ አለ። በእኛ አቆጣጠር መዝሙር 40 ነው፣ በእንግሊዞቹ 41። የ1611ዱ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያንን አልጋ የላንጒሽ አልጋ ይለዋል። በዚያው መጽሐፍ ትንቢተ ኢዩኤል ላይ ወይኑ ሲደርቅ በለሱ ላንጒሽ ያደርጋል። ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 14 ላይ ደግሞ በድርቅ ዘመን የይሁዳ በሮች ላንጒሽ ያደርጋሉ። በሮች! በር እንዴት ይደክማል? የከተማ በር ሽማግሌ የሚዳኝበት፣ ነጋዴ የሚገባበት፣ ከብት የሚያልፍበት ነው። ማንም ሳይገባበት ማንም ሳይወጣበት ሲቀር በሩ ራሱ ይታመማል። አክስቴ ታየው የነበረው በር ትዝ አላላችሁም?

እሺ፣ ሁለተኛው ነጥብ። አጠቃቀሙ።

እዚህ ላይ ደብተር አውጡ።

ላንጒሽ ተሳቢ አይፈልግም። ራሱን ችሎ የሚቆም ግስ ነው። ተማሪዎቼ በክረምት ለሰሊጥ ሥራ መተማና ሁመራ ወርደው ወባ ይዟቸው ይመለሳሉ። ከዚያ «ማሌሪያ ላንጒሽድ ሚ» ብለው ይጽፋሉ። ለምን እንደሚሳሳቱ ይገባኛል። በአማርኛ ወባ አመነመነኝ ይባላል፣ ትክክል ነው፣ «አ» ስትጨመር ግሱ ተሳቢ ይይዛል። ላንጒሽ ግን እንዲህ ያለች «አ» የለችውም። ማንም ማንንም ላንጒሽ አያደርግም። ወባው አደከመኝ ለማለት «ማሌሪያ ዊከንድ ሚ» ነው የሚባለው።

ጊዜም ይፈልጋል፣ ረጅም ጊዜ። ኳስ ተጫውቶ የደከመ ሰው ላንጒሽ አላደረገም፣ ደክሞታል፣ ውኃ ጠጥቶ ይነሳል። ለአምስት ደቂቃ ላንጒሽ አደረግሁ ማለት አይቻልም። ወራት ይፈልጋል፣ ዓመታት ይፈልጋል።

ቦታም ይፈልጋል። ለዚህ ነው ከኋላው «ኢን» የምትመጣው። ላንጒሽ ኢን ፕሪዝን፣ እስር ቤት ውስጥ። ላንጒሽ ኢን ሆስፒታል፣ ሆስፒታል ውስጥ። ኢን ፖቨርቲ፣ በድህነት ውስጥ። ድህነትንም እንደ ቦታ ነው የሚያየው። ከጭቆና ጋር «አንደር» ትመጣለች፣ ከሸክም ሥር እንደማለት። ስፖርት ጋዜጦች ላይ «አት» ታገኛላችሁ፦ ላንጒሽ አት ዘ ቦተም ኦቭ ዘ ቴብል፣ በደረጃ ሰንጠረዡ ግርጌ መቅረት። አንድ ሳምንት ግርጌ የነበረ ቡድን አይባልለትም። ከሳምንት ሳምንት እዚያው የቀረ ነው የሚባልለት። የእኛ ፋሲል ከነማ በእኛ አቆጣጠር በ2013 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ስቴዲየም የነበራችሁ፣ ይህን ምሳሌ በሌላ ቡድን ስም ጻፉት፣ ፈቅጃለሁ።

ከሰው ሌላ ለዕቃም ይሆናል። በተለይ ለፋይል። ከሥራ ዝውውር ጋር የተያያዘ አንድ ማመልከቻ ነበረኝ። ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት አንድ መሳቢያ ውስጥ 14 ወር ቆየ። ማንም እንቢ አላለኝም። ማንም እሺ አላለኝም። በሄድኩ ቁጥር «ቲቸር፣ በሂደት ላይ ነው» ይሉኛል። እኛ ምን እንላለን? ፋይሉ ተኝቷል እንላለን። ጥሩ አማርኛ ነው። እንግሊዝኛው ያንኑ ፋይል ላንጒሽ ያደርጋል ይላል።

ለችግኝስ? ሁለት የብርቱካን ችግኝ ከአንድ ሰው ገዛሁ። አንዱን ከቧንቧው አጠገብ ተከልኩት። ሌላውን ቦታ ሲጠፋ ከማዕድ ቤቱ ጀርባ፣ ከጣሪያው ሥር። የመጀመሪያው ዛሬ ቁመቴን አልፏል። ሁለተኛው በአራት ዓመት ውስጥ አልደረቀም፣ አላደገምም። አራት ቅጠል ያወጣል፣ ሁለቱ ይረግፋሉ። ጫጭቷል። አንድ ተማሪ ይህን «ዊዘር» እንበለው ወይ አለኝ። አይደለም። ዊዘር መድረቅ ነው፣ ያበቃል። ላንጒሽ አያበቃም። ክፋቱም እሱ ነው።

አሁን ቁጠሩልኝ። እስረኛ ማቀቀ። በሽተኛ የአልጋ ቁራኛ ሆነ። ፋይል ተኛ። ችግኝ ጫጨ። አንዱን የእንግሊዝኛ ግስ አራት አማርኛ ተካፈለው። የትኛው ትክክል ነው? ሁሉም። እንደ ቦታው ነው። ግድ አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ «ማቀቀ»ን እመርጣለሁ። ማቀቀ ስል ማቅ የለበሰ ሰው ይታየኛል። ጊዜው አለበት፣ መከራው አለበት፣ ቦታው አለበት። ማንም ሰው ለአምስት ደቂቃ አይማቅቅም።

ማቀቀ ካልን ደግሞ ወህኒ መጣ። ወህኒ ምንድን ነው? እስር ቤት ትሉኛላችሁ። ቃሉ ግን ከየት መጣ? ከእኛው አካባቢ ነው የመጣው። አምባ ወህኒ ከጎንደር ብዙም አይርቅም፣ ዙሪያው ገደል የሆነ ተራራ ነው። ጎንደር መናገሻ በነበረች ጊዜ የነጋሢ ዘር የሆኑ ወንዶች ዙፋን እንዳይሻሙ እዚያ ይላኩ ነበር። የተራራው ስም በመላው አገር የእስር ቤት ስም ሆኖ ቀረ። አስቡት፣ መላው ኢትዮጵያ የታሰረ ሰው ሲጠራ የእኛን ተራራ ስም ይጠራል።

እዚያ ተራራ ላይ የነበሩት በሰንሰለት የተገረፉ ሰዎች አልነበሩም። ቀለብ ተቆርጦላቸው ነበር። ታዲያ ምን ሆነ? በ1770ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር የተቀመጠው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እንደጻፈው፣ ታላቁ ኢያሱ ወህኒ ድረስ ሄዶ ዘመዶቹን ሲያይ በጨርቅ ቅዳጅ አገኛቸው። ቀለባቸውን መሃል ላይ ያሉ ሹማምንት ይበሉት ነበር። ዐፄ ኢያሱ ልቡ ተነካ፣ ቀለባቸውንም አስመለሰላቸው። ቀለብ ተቆርጦልህ ቀለቡ ሳይደርስህ፣ የሚያስብህ አለ እየተባለ የሚጠይቅህ ሳይኖር፣ ይህ ነው ላንጒሽ። ዐፄ በካፋም በ1721 ዙፋን ላይ የወጣው ከዚያው ተራራ ወርዶ ነው፤ እዚህም ሆነ ከዚህ በታች የታሪኩን ዓመት የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ትንሽ ከመንገድ ልውጣ። በ1755 ታላቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያሳተመው ሳሙኤል ጆንሰን፣ ከአራት ዓመት በኋላ ምን ጻፈ? ስለ አንድ የአቢሲኒያ ልዑል ልብ ወለድ ጻፈ! ልዑሉ በተራራ በተከበበ ሸለቆ ውስጥ ተዘግቶበታል። ምግብ አለ፣ ዘፈን አለ፣ ምንም አልጎደለውም። ግን ይማቅቃል። የቃላትን ትርጉም ሲመዝን የኖረ ሰው ስለ መዘጋት ሊጽፍ ሲነሳ ልቡ ወደ እኛ ተራሮች መጣ። ይህ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ተመለስኩ። የመቅደላን ነገር ታውቃላችሁ። ዐፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ። ያ ደብዳቤ ራሱ ለንደን ውስጥ ተኝቶ ነበር፣ ልብ በሉ። በጥር 1864 የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን አሰሩት። መልስ ይዞ የመጣው ራሳምም ቆይቶ ታሰረ። ቆንስሉ የተፈታው በሚያዝያ 1868 ነው፣ ከአራት ዓመት በላይ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህን ሲተርክ የሚመጣለት ግስ የትኛው ይመስላችኋል? ላንጒሽ ነው።

ግን በዚያው ጦርነት ሌላ ሰው አለ። ልዑል አለማየሁ። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ ተወሰደ። እናቱ በመንገድ ላይ ሞተችበት። ሰንሰለት አልነበረበትም። ትምህርት ቤት አስገቡት፣ ልብስ አለበሱት፣ ንግሥቲቱ ራሷ ታስብለት ነበር። በኅዳር 1879 ሊድስ ከተማ ውስጥ በ18 ዓመቱ ሞተ። ዊንዘር ቀበሩት። አፅሙ ወደ አገሩ ይመለስ ተብሎ ሲጠየቅ፣ በ2023 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አይሆንም አለ። ለካሜሮን ላንጒሽ ካልን ለአለማየሁ ምን እንላለን? ያው ነው። ያው ግስ ነው። ሰንሰለት አያስፈልገውም የምለው ለዚህ ነው። የምትፈልገው ሁሉ በሌለበት ቦታ ሌላ ነገር ሁሉ ተሟልቶልህም መማቀቅ አለ።

እዚህ ላይ ወጣቶቹን በተለይ አናግራለሁ። በፈረንጆች 2002 ኮሪ ኪስ የሚባል አሜሪካዊ የማኅበረሰብ አጥኚ ይህንን ቃል ለአእምሮ ጤና ተጠቀመበት። አልታመመም፣ ግን ደህናም አይደለም፤ አልወደቀም፣ ግን አላበበም። ለዚያ መሃል ላይ ላለ ሰው ላንጒሽ አለው። በ2021፣ በኮሮናው ጊዜ፣ ቃሉ በዓለም ሁሉ ተወራ። እኛ ዘንድ ይህ ሰው የለም እንዴ? አለ እንጂ። እንዴት ነህ ስትሉት «አለሁ» ይላችኋል። አለሁ ብቻ። ዲግሪውን ይዞ ሁለት ሦስት ዓመት ሥራ ሲጠብቅ፣ ጠዋት ተነስቶ ፒያሳ ወርዶ፣ ማኪያቶ ጠጪ ጓደኛ ጠብቆ፣ ማታ ወደ ቤት። ምን ሆንክ ቢሉት «ደብሮኛል» ይላል። እኛ ደግሞ ሰነፍ እንለዋለን። ወላጆች፣ እባካችሁ ሰነፍ አትበሉት። ችግኙ ከጣሪያው ሥር ነው ያለው። የት እንደተተከለ እዩ። በሩን ከፍታችሁ ግቡ፣ አጠገቡ ቁጭ በሉ፣ እንዴት ነህ በሉና «አለሁ» ሲላችሁ አትነሱ። ቆዩ። እኔ ለአክስቴ ያላደረግሁትን ነው የምለምናችሁ።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ደረስኩ። ሰዓቴ እያለቀ ነው፣ አውቃለሁ፣ ቡናውም ይሸታል።

«ማይ ላንጒሽ ኢዝ አምሃሪክ» ያለችው ልጅ። ያኔ ቀይ ያሰመርኩበት ዓረፍተ ነገር። ያን ማታ ቁጭ ብዬ ያሰብኩት አያቴን ነው። የአባቴ እናት ጭልጋ ነበር የምትኖረው። ከታናሽ እህቷ ጋር ብቻቸውን ሲሆኑ የሚያወሩት በቅማንትኛ ነበር። ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው፣ ኩሻዊ ነው፣ ከአማርኛ በፊት በዚህ ምድር ላይ የነበረ ነው። እኛ የልጅ ልጆች እየሮጥን ስንገባ ወዲያው ወደ አማርኛ ይዞሩ ነበር። ለክብራችን ይመስለን ነበር። አንድም ቀን ምን እያላችሁ ነው ብለን አልጠየቅናቸውም። አንድም ቀን!

በእኛ አቆጣጠር በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ቅማንት ነኝ ያለው ሰው 172,327 ነው። አፍ መፍቻ ቋንቋዬ ቅማንትኛ ነው ያለው ስንት ነው? 1,650። ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዐሥርት ዓመት አልፏል፣ ያኔ የተቆጠሩትም አብዛኞቹ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። የቋንቋ ምሁራን ለእንዲህ ያለው ቋንቋ እየሞተ ነው ይላሉ። እኔ ግን የተማርኩትን ግስ ልጠቀምና ላንጒሽ ያደርጋል ልበል። የሞተ ነገር በር አያይም። ይህ ቋንቋ ገና በር የሚያይ ነው። አንዲት አሮጊት ቤት ውስጥ፣ አንድ ሽማግሌ ዘንድ፣ የሚጠይቀው ሲጠፋ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ያቺ ልጅ ቋንቋዬ ልትል ላንጒሽ ያለችው፣ ለእኔ የደረሰኝ በዚህ በኩል ነው።

የአያቴ ታናሽ እህት ቀድማ ሞተች። ከዚያ በኋላ አያቴ ቅማንትኛ የምታወራው ሰው አጣች። አንድ ክረምት ለእረፍት ሄጄ ማለዳ ስነቃ ከጓሮ ድምፅ ሰማሁ። ወጣሁ። አያቴ ላሟን እያለበች ነው። ታወራላታለች፣ ቀስ እያለች፣ እየሳቀች፣ እየመለሰች። አማርኛ አልነበረም። እኔን ስታይ ዝም አለች። ከዚያ በአማርኛ «ነቃህ እንዴ፣ ወተት ልስጥህ?» አለችኝ። እኔም እሺ አልኳት። ወተቱን ጠጣሁ። ምን ስትላት እንደነበር አልጠየቅኋትም። ከዚያ በኋላ የነበረን ሁለት ክረምት ብቻ ነበር።

የእኔ ይኸው ነው። እስካሁን ስለሰማችሁኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ስለ ግሱ ጥያቄ ያለው ቡና እየጠጣን ይጠይቀኝ። ጭልጋ፣ አይከል፣ ላይ አርማጭሆ ወይም ሌላ ቦታ ይህን ቋንቋ የሚያውቅ አያት ወይም ጎረቤት ያላችሁ ካላችሁ ግን ሳታገኙኝ አትሂዱ። የድምፅ መቅጃው ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ባትሪው ሙሉ ነው፣ የሚቀጥለው ቅዳሜም ነፃ ነኝ።